የመስፈርት ዱካ የሚጠፋው የት ነው?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የልማት ቡድን በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥ ፓምፕን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ይሠራል። 240 ያህል መስፈርቶች (ሶፍትዌሩ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች) በወርድ ሰነድ ተጽፈዋል፤ የዕለት ተዕለት ተግባራት በጂራ፣ ማለትም በሥራ መከታተያ ፕሮግራም፣ ይመዘገባሉ፤ ኮዱ የለውጦችን ታሪክ በሚይዘው በጊት ይቀመጣል፤ የፈተናዎቹ ዝርዝር ደግሞ በሌላ የኤክሴል ፋይል ይገኛል። በእያንዳንዱ ልቀት (አዲስ የሶፍትዌሩ እትም በሚወጣበት ጊዜ) ዋዜማ አንድ ባልደረባ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ እያንዳንዱን መስፈርት ከንድፉ፣ ከኮዱና ከፈተናው ጋር የሚያያይዝ ሠንጠረዥ ይሞላል። ባለፈው ምርመራ ኦዲተሩ በዕጣ ካነሣቸው 20 መስፈርቶች ውስጥ በሰባቱ ላይ፣ ሠንጠረዡ የሚጠቁመው ፈተና መስፈርቱን ጨርሶ የማይመለከት ሆኖ ተገኘ። ጠያቂው ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋሉ፦ የትኛውን መሣሪያ እንግዛ? ለዓመታት የተጠራቀመውን ነባር ኮድ ከመስፈርቶቹ ጋር እንዴት እናያይዘው? ይህንን ሥራ የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ የሚያነብና የሚያመነጭ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሊሠራልን ይችላል ወይ?

ከመሣሪያው ምርጫ በፊት መታየት ያለበት ጉዳይ አለና ከእርሱ ልጀምር። ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ሠንጠረዡን የሚሞላው ሰው ኮዱን ከጻፈው ሰው የተለየ ነው፤ የሚሞላውም ኮዱ ከተጻፈ ከወራት በኋላ ነው። ይህ ባልደረባ የሚሠራው ማያያዝ ሳይሆን መገመት ነው። የፋይሉን ስም ያያል፣ የፈተናውን ርእስ ያነብባል፣ ከመስፈርቱ ቃላት ጋር የሚቀራረበውን ይመርጣል። ትጉህና ጠንቃቃ ቢሆንም እንኳ፣ ያንን ኮድ የጻፈው ሰው በጻፈበት ሰዓት የትኛውን መስፈርት እያሰበ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ትስስር ምስክርነት ነው፤ ሊሰጠው የሚችለውም ሥራውን የሠራው ሰው ነው፣ ያውም በሠራበት ጊዜ። ስለዚህ የምመክርዎት ዋና ነገር ሠንጠረዡን በእጅ መሙላት ጨርሶ እንዲያቆሙ፣ ትስስሩ ግን በየዕለቱ በሥራው ውስጥ እንዲወለድ እንዲያደርጉ ነው። ሠንጠረዡ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የሚወጣ ሪፖርት ይሆናል እንጂ ማንም የሚያርመው ሰነድ አይሆንም።

ዱካ መከታተል ወይም ትሬሰቢሊቲ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ግልጽ ማድረግ ይጠቅማል፤ ብዙ ቡድኖች ግማሹን ብቻ ሠርተው ሙሉውን እንደሠሩ ስለሚቆጥሩት ነው። ኦርሌና ጎቴል እና አንቶኒ ፊንክልስታይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት የመስፈርትን ዱካ መከታተል የገለጹት የአንድን መስፈርት ሕይወት ወደፊትም ወደኋላም መከተልና መግለጽ መቻል በሚል ነው። ወደፊት ማለት ከመስፈርቱ ተነሥቶ ንድፉን፣ ኮዱንና ፈተናውን ማግኘት ነው። ወደኋላ ማለት ደግሞ አንድን የኮድ ክፍል ይዞ «ይህ እዚህ የተቀመጠው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘት ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ከዚህም አልፈው፣ በሥራ ላይ ከሚታየው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው መስፈርቱ በሰነድ ላይ ከመስፈሩ በፊት የነበረው ታሪክ፣ ማለትም ማን እንደጠየቀውና በምን ምክንያት እንደጠየቀው፣ ስለሚጠፋ መሆኑን አሳይተዋል። በእርስዎ ሠንጠረዥ ውስጥ ለዚህ የተመደበ ዓምድ መኖሩን ከጥያቄዎ አላየሁም።

ወደኋላ የሚወስደው ዱካ ሲጠፋ የሚከተለውን ነገር የአሪያን 5 ሮኬት አደጋ ያሳያል፤ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ በዝርዝር ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ሮኬቱ በመጀመሪያ በረራው፣ የዋናው ሞተር ማቀጣጠል ሂደት ከተጀመረ 37 ሰከንድ ያህል በኋላ፣ ከመንገዱ ወጥቶ ተበታተነ። የአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነበር። በውስጡም መለኪያውን ከመነሣት በፊት የሚያስተካክል አንድ ተግባር ነበረ፤ ይህ ተግባር ከመነሣት በኋላ ምንም ጥቅም ባይኖረውም ለ40 ሰከንድ ያህል መሥራቱን ይቀጥል ነበር። ምክንያቱ የአሪያን 4 መስፈርት ነው፤ የመነሻ ቆጠራው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ቢቋረጥ መለኪያውን ከሥር ጀምሮ ማስተካከል ሳያስፈልግ ቆጠራውን በፍጥነት ለመቀጠል ታስቦ የተደረገ ነበር። አሪያን 5 ይህ መስፈርት አልነበረውም፤ ኮዱ ግን ቀረ። የአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት ከቀድሞው እጅግ የላቀ ስለነበር አንድ ባለ64 ቢት ተንሳፋፊ (የነጥብ) ቁጥር ወደ ባለ16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ አልበቃ አለ፤ መጠባበቂያውና ዋናው መለኪያ ተከታትለው ሥራ አቆሙ።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው የመርማሪው ቦርድ ሪፖርት የገለጸው አንድ ዝርዝር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ሊጋለጡ ይችሉ ከነበሩት ሰባት ተለዋዋጮች (በኮዱ ውስጥ ዋጋቸው የሚለወጥ መጠኖች) ውስጥ አራቱ መከላከያ ተበጅቶላቸው ሦስቱ ያለ መከላከያ ተትተዋል። ውሳኔው በስምምነት የተደረገ ነበር፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱን የሚጠቁም ምንም ነገር በኮዱ ውስጥ አልተገኘም፤ በሰነድ ብዛትም ተሸፍኖ ከውጭ ገምጋሚዎች ዐይን ተሰውሯል። እንግዲህ ውሳኔም ሰነድም ነበረ፤ የጠፋው ከኮዱ ወደ ውሳኔው የሚያደርሰው መንገድ ነው። እርስዎ የሚሠሩት ፓምፕም በትውልዱ ከቀደመ ሞዴል ኮድ የወረሰ ከሆነ፣ ዛሬ ማንም የማይጠይቀው ነገር ግን የሚሠራ ተግባር በውስጡ መኖሩን የሚያሳውቅዎት ወደኋላ የሚሄደው ዱካ ብቻ ነው።

አሁን ምን ከምን ጋር ይያያዝ ወደሚለው ልለፍ። ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማያያዝ አይቻልም፤ 240 መስፈርቶችና 900 የኮድ ፋይሎች ቢኖሩ ሊኖሩ የሚችሉት ጥንዶች 216,000 ናቸው፤ ይህን የሚያጣራ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ለሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር የሚሠራበት አይኢሲ 62304 የተባለው መመዘኛ የሚጠይቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ግን በጣም የተወሰነ ነገር ነው። በመሣሪያው አጠቃላይ መስፈርት፣ በሶፍትዌሩ መስፈርት፣ በሶፍትዌሩ ሥርዓት ፈተናና በሶፍትዌር በተተገበሩ የአደጋ መከላከያዎች መካከል ዱካ እንዲኖር ይጠይቃል። ከአደጋ ጋር በተያያዘ ደግሞ ሰንሰለቱን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ከአደገኛው ሁኔታ ወደ ሶፍትዌሩ ክፍል፣ ከክፍሉ አደጋውን ሊያመጣ ወደሚችለው የሶፍትዌር ምክንያት፣ ከምክንያቱ ወደ መከላከያው፣ ከመከላከያው ደግሞ መሥራቱ ወደተረጋገጠበት ማስረጃ። የአውሮፕላን ሶፍትዌር የሚመራበት ዲኦ-178ሲ በከፍተኛ የጥንቃቄ ደረጃዎች ከዝርዝር መስፈርት እስከ ኮዱ ድረስ ይወርዳል፤ ብዙ ቡድኖችም ያንን ልማድ ሳያስፈልጋቸው ይቀዱታል። ለእያንዳንዱ የኮድ ተግባር የመስፈርት ቁጥር መለጠፍ በእርስዎ ዘርፍ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ጎጂ ነው፤ ምክንያቱም ብዛቱ ራሱ ትክክለኛዎቹን ትስስሮች ይሸፍናቸዋል።

ትስስሩ ምን ማለት እንደሆነም ግሥ ሊኖረው ይገባል። «ይህ ከዚያ ጋር ይገናኛል» የሚል ትስስር ምንም አይናገርም። «ይህ የንድፍ ክፍል ያንን መስፈርት ይተገብራል»፣ «ይህ ፈተና ያንን መስፈርት ያረጋግጣል»፣ «ይህ መስፈርት ከዚያ አደጋ ይመነጫል» የሚሉት ሦስቱ ለአብዛኛው ቡድን ይበቃሉ። በኦዲቱ ስሕተት ሆነው የተገኙት ሰባቱ ትስስሮችም፣ እንደምጠረጥረው፣ ፈተናው መስፈርቱ የሚመለከተውን የሶፍትዌር ክፍል ይነካል እንጂ መስፈርቱን ራሱን የማያረጋግጥ ስለነበር ነው። ፈተናን ሲያያይዙ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኮዱ ይህንን መስፈርት ቢጥስ ይህ ፈተና ይወድቃል ወይ? መልሱ «አይወድቅም» ከሆነ ትስስሩ ሐሰት ነው።

ይህ ጥያቄ ወዲያው ወደ መስፈርቶቹ አጻጻፍ ይመልሰናል። ለምሳሌ «ፓምፑ በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ሲያገኝ በ2 ሰከንድ ውስጥ ፍሰቱን ያቆማል፣ የድምፅ ማንቂያ ያሰማል፣ ሁኔታውንም በመዝገብ ያስቀምጣል» የሚል መስፈርት ቢኖር በውስጡ ሦስት መስፈርቶች አሉ። ማንቂያውን የሚያረጋግጥ አንድ ፈተና ከዚህ አንቀጽ ጋር ሲያያዝ ሠንጠረዡ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ፍሰቱ በ2 ሰከንድ መቆሙን ግን ማንም አልፈተነም። ለታካሚው ከሦስቱ ትልቁ ጉዳይ ደግሞ እርሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስፈርት አንድ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይናገር፤ የራሱ መለያ ይኑረው፤ መለያውም በወርድ ሰነድ ውስጥ እንዳለው የአንቀጽ ቁጥር ከላይ አንድ አንቀጽ ሲጨመር የሚንሸራተት አይሁን። መስ-0142 ተብሎ የተሰየመ መስፈርት ቢሰረዝ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥ። የአንቀጽ ቁጥርን እንደ መለያ መጠቀም ከገጠመኝ የትስስር መበላሸት ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ የሚይዝ ምክንያት ነው፤ ሰነዱ አንድ ጊዜ ሲከለስ ከዚያ በታች ያለው ትስስር በሙሉ በጸጥታ ወደ ተሳሳተ መስፈርት ይዞራል። የእርስዎም ሰባት ስሕተቶች በዚህ ምክንያት የመጡ መሆን አለመሆናቸውን ይመርምሩ።

መለያው ጸንቶ የመስፈርቱ ቃል ሲለወጥስ? እዚህ ላይ ትስስሩ የመስፈርቱን መለያ ብቻ ሳይሆን የተያያዘበትን እትም ጭምር መያዝ አለበት። «በ2 ሰከንድ» የነበረው «በ1 ሰከንድ» ሲባል፣ ከዚያ መስፈርት ጋር የተያያዙት ንድፎችና ፈተናዎች ሁሉ «ተጠርጣሪ» ተብለው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አንድ ሰው ተመልክቶ «አሁንም ልክ ነው» ወይም «ይስተካከል» እስኪል ድረስም ምልክቱ አይነሣም። ይህ ቀላል ዘዴ ለውጥ የሚያስከትለውን ሥራ ስፋት ገና ከመጀመሩ በፊት ያሳያል፤ እኔ ዱካ የመከታተልን ሥራ የምወደውም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። ኦዲት በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ የመስፈርት ለውጥ ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ትስስሩ የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ የምከተለው ደንብ፣ ትስስሩ ይበልጥ በሚለዋወጠው ነገር ውስጥ ይጻፍ የሚል ነው። መስፈርቱ ፈተናዎቹን መዘርዘር የለበትም፤ ፈተናው የሚያረጋግጠውን መስፈርት ይናገር። የፈተናው ፋይል ሲሰረዝ ትስስሩም አብሮ ይሰረዛል፤ ፈተናው ሲቀዳ ትስስሩም አብሮ ይቀዳና ገምጋሚው ያየዋል። በሰው እጅ ለሚከናወኑ ፈተናዎችም እንዲሁ ነው፤ የአፈጻጸም መመሪያው የመስፈርቱን መለያ በራሱ ላይ ይይዛል። ለኮዱ ደግሞ በሁለት እርከን መሄድ ይበቃል። የጂራው ተግባር የመስፈርቱን መለያ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ኮሚት (በጊት የሚመዘገብ አንድ የኮድ ለውጥ) የተግባሩን ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ ይይዛል። የአደጋ መከላከያን የሚተገብሩ የኮድ ክፍሎች ብቻ ከዚህ በተጨማሪ በኮዱ ውስጥ በአስተያየት መልክ መለያቸው ይጻፍባቸው፤ ከዓመታት በኋላ አንድ አዲስ ባልደረባ «ይህ መስመር ትርፍ ይመስላል» ብሎ እንዳያጠፋው እጁን የሚይዘው ይህ ጽሑፍ ነውና።

በተግባር ሲሞክሩት የሚያጋጥሙ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ የኮሚትን መልእክት የሚያጣራ ሁክ (በራሱ የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም) በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቢተከልም፣ ጊት ማከማቻው ሲቀዳ ሁኮች አብረው አይመጡም፤ ቢመጡም በአንድ ትእዛዝ ሊታለፉ ይችላሉ። ስለዚህ ማጣሪያው በሰርቨሩ በኩል፣ ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የሚቀርበው ጥያቄ) ከመጽደቁ በፊት መሠራት አለበት። ሁለተኛው፣ የኮሚት መለያ ኮድ የሚጸና ይመስላል እንጂ ብራንቹ (ከዋናው ተለይቶ የሚሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ሪቤዝ ሲደረግ፣ ማለትም በአዲስ መነሻ ላይ እንደገና ሲደረደር፣ ወይም ኮሚቶቹ ተጨምቀው አንድ ሲሆኑ ይለወጣል። በሥራ ላይ ያለን ብራንች ኮሚት በየትኛውም ሰነድ ላይ አይመዝግቡ፤ የሚመዘገበው ወደ ዋናው ብራንች ከገባ በኋላ ያለው ነው። ኮሚቶችን መጨመቅ ልማዳችሁ ከሆነም የተጨመቀው መልእክት የተግባሮቹን ቁጥሮች ሁሉ ይዞ መቅረቱን አረጋግጡ።

ይህ ከተሟላ በኋላ ሶፍትዌሩ በተገነባ ቁጥር አንድ አጭር ፕሮግራም መስፈርቶቹን፣ ንድፉን፣ ፈተናዎቹንና ውጤታቸውን አንብቦ ሠንጠረዡን ያወጣል። ግንባታው እንዲቆም የሚያደርጉ ሁኔታዎች ጥቂት ይሁኑ፤ ወደሌለ ወይም ወደተሰረዘ መስፈርት የሚጠቁም ፈተና፣ ፈተና የሌለው የአደጋ መከላከያ፣ ሳይታይ የቀረ ተጠርጣሪ ትስስር። የቀረውን ሪፖርቱ ያሳይ እንጂ ሥራ አያስቁም፤ ሁሉንም ነገር ማገድ የጀመሩ ቡድኖች አባሎቻቸው ማጣሪያውን ለማለፍ ብቻ የማይመለከት መለያ ሲጽፉ ያያሉ፤ ያ ደግሞ ትስስር ጨርሶ ካለመኖሩ ይብሳል። ሠንጠረዡ ፈተናው መኖሩን ብቻ ሳይሆን በዚያ እትም ላይ ተከናውኖ ማለፉንም ማሳየቱን አይርሱ።

ወደ ነባሩ ኮድ ስመለስ፣ 240ውንም መስፈርቶች በአንድ ዘመቻ ወደኋላ ሄዶ የማያያዙን ሐሳብ አልደግፍም። ያ ዘመቻ የሚያመርተው ዛሬ የተቸገሩበትን ግምት በሰፊው ነው። በአደጋ መከላከያነት ከተመዘገቡት መስፈርቶች ይጀምሩ፤ ለእያንዳንዳቸው ክፍሉን የሚያውቀው ሰው፣ የፈተናው ጸሐፊና የአደጋ ትንተናውን የያዘው ባልደረባ አብረው ተቀምጠው ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች ይከተሉት። የሚቻል ከሆነ ኮዱን ሆን ብለው አበላሽተው ፈተናው መውደቁን ይዩ፤ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የለም። ለቀሩት፣ አንድ ክፍል ለለውጥ በተነካ ጊዜ የነካው ሰው ትስስሩን ያሟላል የሚል ደንብ ያውጡና ያልተሟሉት መቼ እንደሚጠናቀቁ በጽሑፍ ዕቅድ ያስቀምጡ። ከዚህ ፍተሻ የትኛውም መስፈርት የማይጠይቀው ኮድ ይወጣል፤ ያኔ ያለው አማራጭ መስፈርቱን ጽፎ የአደጋ ትንተና ውስጥ ማስገባት ወይም ኮዱን ማስወገድ ነው፤ እንዲሁ ሊተዉት ካሰቡ አሪያን 5ን ያስታውሱ። በኋላ የተሠራን ትስስር ቀኑን ሳይደብቁ «በዚህ ቀን በግምገማ የተያያዘ» ብለው ይመዝግቡት። ክፍተቱን አውቆ ዕቅድ የያዘ ቡድን፣ ሙሉ መስሎ ሲነካ ከሚፈርስ ሠንጠረዥ ይልቅ ለኦዲተር እምነት ይሰጣል።

ስለ ቋንቋ ሞዴል የጠየቁት ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጽሑፍ ተመሳሳይነት ትስስርን ለማግኘት የሚደረገው ጥናት ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው፤ ቀድሞ የቃላትን ድግግሞሽ በማነጻጸር፣ አሁን ደግሞ ትርጉምን ጭምር በሚይዙ ሞዴሎች ይሠራል። መሠረታዊው ችግር ግን አልተለወጠም፤ ትክክለኛዎቹን ሁሉ ለማግኘት ሲሞከር ብዙ የተሳሳቱ አብረው ይመጣሉ፤ የተሳሳቱትን ለመቀነስ ሲሞከር ትክክለኛዎቹ ይቀራሉ። ሞዴሉ የሚያየው ሁለት ጽሑፎች ስለ አንድ ነገር መናገራቸውን ነው፤ ፈተናው መስፈርቱን ማረጋገጡን አይደለም፤ የእርስዎ ባልደረባ የተሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነበር። ስለዚህ ሞዴሉን እጩ ለማቅረብ ይጠቀሙበት፤ በተለይም «ከዚህ ፈተና ጋር የተያያዘው መስፈርት ይዘቱ የማይመስል ነው» ብሎ አጠራጣሪ ትስስሮችን እንዲያወጣ ማድረግ አዳዲስ ትስስር ከማስፈጠር የተሻለ ጥቅም ይሰጣል። እጩውን የሚያጸድቀው ግን ስሙ የሚመዘገብ ሰው ይሁን።

በመጨረሻ ወደ መሣሪያው። ቡድናችሁ አሥራ አንድ ሰው ከሆነና ሁሉም በጊት የሚሠራ ከሆነ፣ መስፈርቶቹን በጽሑፍ ፋይል መልክ ከኮዱ ጎን አስቀምጦ እንደ ዶርስቶፕ ወይም ስትሪክትዶክ ባሉ ክፍት መሣሪያዎች መጠቀም ይበቃችኋል ብዬ አምናለሁ፤ መስፈርቱና ኮዱ በአንድ ፑል ሪኩዌስት አብረው መከለሳቸው ትልቅ ጥቅም ነው። መስፈርቶቹን የሚጽፉት ሐኪሞችና የመሣሪያ መሐንዲሶች ጊት የማይጠቀሙ ከሆነ ግን እንደ ዶርስ፣ ፖላሪዮን ወይም ጃማ ያለ የሚገዛ የመስፈርት ማስተዳደሪያ መሣሪያ ዋጋውን ያወጣል። የትኛውንም ቢመርጡ ሦስት ነገር በራስዎ መረጃ ይሞክሩ፤ መስፈርት ሲለወጥ ተጠርጣሪ ትስስሮችን በራሱ ያሳያል ወይ? ያለፈውን ልቀት ትስስር በወቅቱ እንደነበረ መልሶ ያወጣል ወይ? መስፈርቶቹንና ትስስሮቹን እንደ ሪክአይኤፍ ባለ ክፍት ቅርጸት ወደ ሌላ መሣሪያ ማውጣት ያስችላል ወይ? ሪፖርቱን የሚያወጣው ፕሮግራም ራሱ በትክክል መሥራቱም መረጋገጥ ስላለበት፣ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ትስስር ያለበት አነስተኛ የመስፈርት ስብስብ አዘጋጅታችሁ ስሕተቱን መያዙን የሚያሳይ መዝገብ ከሌሎቹ የማረጋገጫ ሰነዶች ጋር አስቀምጡ።